አምስተኛው ቀዳዳ

ነገሩ የተጀመረው በጎረቤት ልጅ የሠርግ ፎቶ ነው። ሙሽሮቹ ከጥንቱ ምሽግ ታችኛው ግቢ፣ ከአንድ ረጅም የድንጋይ ግንብ ሥር ተቃቅፈው ቆመዋል። ቤቱን የሞላው ሰው ሙሽራዋን እያየ "አቤት ስታምር" ሲል፣ ጡረታ የወጣው ግንበኛ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለውን ድንጋይ ሲመረምር ቆየ። ከዚያ "ሆድ አውጥቷል" አለ። ሙሽራው ቦርጭ ቢጤ ነበረውና የሙሽራዋ እናት ይህን ሰምታ ሁለት ሳምንት አኮረፈች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግንበኛው ልጁን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣት። ጠዋት "እጄ የነካውን ግንብ አንድ ጊዜ አሳዪኝ፤ ጉልበቴ ሳይከዳኝ" ይላታል። ማታ ያንኑ ይደግመዋል። ልጅቷ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ፣ ከሰው ይልቅ ከማይክሮስኮፕ ጋር የምትግባባ ዝምተኛ ነች። ፈቃድ ለመጠየቅ አለቃዋ በር ድረስ ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። በመጨረሻ ባልደረባዋ ተራዋን ሸፈነችላትና አንድ ዓርብ ተገኘ። ምሽጉን ያለ አስጎብኚ ማየት ስለማይፈቀድ የሙሉ ቀን ጉብኝት ትኬት ቆረጠች።

በሩ ላይ ጥበቃው የአባቷን ቦርሳ ሲፈትሽ በመሐረብ የተጠቀለለ ብረት አወጣ።

"አባት፣ ይሄ ምንድነው?"

"መሮ ነው።"

"መሮ ይዞ ጉብኝት?"

"አንተስ ዱላ ይዘህ የለ? ሁሉም የለመደውን ይይዛል።"

ጥበቃው ሳቀ፤ መሮውን ግን ሲወጡ ይወስዱታል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ልጅቷ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እሷን የሚያይ መሰላትና ፊቷ ጋለ። ቡድኑ እስኪሞላ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ወደ አባቷ ጠጋ አለች።

"አባዬ፣ በመሮ ምን ልታደርግ ነበር?"

"አንድ ነገር ልንገርሽ። ግን አትቆጪ።"

ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። ባለፈው እንዲህ ያላት ጊዜ የዓይን ጠብታውን ካቆመ ስድስት ወር እንደሆነው ነበር የነገራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ግንብ ከጀርባው የኮረብታ አፈር ደግፎ የቆመ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ መውጫ ካጣ ግንቡን ይገፋል። ስለዚህ ከሥሩ፣ ጉልበት በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ አምስት የውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉት።

"ግንብ እንደ ሰው ነው" አለ አባቷ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ። "መሽኛው ከተዘጋ ያብጣል፤ ካበጠ ይፈነዳል።"

አጠገባቸው የተቀመጡ ሴትዮ ዞር ብለው አዩ። ልጅቷ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት የአባቷ ቡድን የፈረሰውን አርባ እርምጃ ያህል መልሶ ሲገነባ ውስጡን በቀጭን ኖራ ሞላው። ኖራው በቀዳዳዎቹ እንዳይፈስ አምስቱም በጆንያና በጭቃ ተወተፉ። ኖራው ሲጠና አባቷ አራቱን ከፈተ። ከአምስተኛው ቀዳዳ ፊት ግን ግንበኞቹ የሚቆሙበት የእንጨት መወጣጫ እግር ተተክሎ ነበርና፣ ነገ መወጣጫው ሲነሣ ይከፈታል ተባለ።

"በማግስቱስ?"

"በማግስቱ አንቺ ተወለድሽ።"

"እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው በለኛ።"

"እሱን አላልኩም። ግን አንድ ቀን ብትዘገዪ ምን ነበረበት?"

ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ሌሎቹ ቀዳዳው ላይ የፊት ድንጋይ ገጥመውበት፣ ተቆጣጣሪዎቹ ፈርመው፣ ርክክቡ አልቆ ጠበቀው። ልናገር አለ። ነገር ግን ሠራተኛው ሁሉ የሚጠራው "ቱምቢ" እያለ ነበር። ቱምቢ ግንብ ቀጥ ብሎ መቆሙ የሚታይበት፣ በገመድ የሚንጠለጠል ብረት ነው፤ ለማንም አያዳላም፣ አይሳሳትም። ቱምቢ ተሳሳተ ከሚባል ሞት ይሻለኛል ብሎ አፉን ያዘ። አንዲት ቀዳዳ ምን ታመጣለች እያለ ሃያ ስምንት ክረምት አሳለፈ። አሁን ያቺ ቀዳዳ ሆድ ሆና በሠርግ ፎቶ መጣችበት። ክረምቱ ሊገባ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

"ከሥሩ ሰው ፎቶ ይነሣል" አለ። "ዛሬ ካልተከፈተ፣ ዘንድሮ ሰው ላይ ይወድቃል።"

ልጅቷ ለመቆጣት አፏን ስትከፍት ቢጫ ጃንጥላ ከሰው ራስ በላይ ብቅ አለና ጉብኝቱ ተጀመረ።

አስጎብኚው ጫማው የተወለወለ፣ ምላሱ የተፈታ ጎልማሳ ነው። "ይህን ጃንጥላ እንደ እናታችሁ እዩት፤ ከዓይናችሁ አይጥፋ" አለ። "አሥራ ሁለት ቦታ እናያለን። ዋናውን ለመጨረሻ አስቀምጬላችኋለሁ።"

"ዋናው የቱ ነው?" አለ የልጅቷ አባት።

"የምታለቅሰው ግንብ።"

"ታችኛው ግቢ ያለችው?"

"እሷው ነች፤ እንዴት አወቁ አባባ?"

"መጀመሪያ እሷን ብናይስ?"

"ሙሽራ ከአጃቢ ቀድማ አትገባም አባባ" አለና ቡድኑን አስቆ ጃንጥላውን ይዞ ቀደመ።

እንግዲህ ቀኑ መጎተት ጀመረ። የንጉሡ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ቆሙ። ጣሪያው የተቃጠለበትን ዘመን፣ ዙፋኑ የነበረበትን ቦታ፣ ዙፋኑ የተወሰደበትን መንገድ ሰሙ። የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው፤ ባዶነቱን ለመግለጽ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከቡድኑ መካከል ሰፊ ኮፍያ ያደረጉ ጡረተኛ መምህር አሉ፤ ማስታወሻ ደብተር ይዘዋል። አስጎብኚው "ጥያቄ አለ?" ባለ ቁጥር እጃቸው ይወጣል። የውሃ ጉድጓዱ ስንት እንስራ ይይዛል? ስንት ወታደር ለስንት ቀን ያጠጣል? በቀን ስንት ይሆናል ማለት ነው?

"ይሄ ሰውዬ ያላረመውን ፈተና ሁሉ ዛሬ ሊያርም ነው እንዴ" አለ አባቷ።

"አባዬ፣ ይሰማሉ።"

"ቢሰሙ ደግ ነበር።"

እስር ቤቱ ጋ ትዕግሥቱ አለቀ። ሰው ሁሉ በጠባቡ ፍርግርግ አጮልቆ ሲያይ አስጎብኚውን ክንዱን ያዘው።

"ልጄ፣ ያንን ግንብ እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"አባባ፣ ግንቡ ሰባት መቶ ዓመቱ ነው። ታዲያ እርስዎ በጣም ጠንክረዋል ማለት ነው።"

ቡድኑ ሳቀ። አባቷ አልሳቀም።

"አርባ እርምጃው የእኔ እጅ ነው። ፈርሶ ነበር፤ እኛ መለስነው።"

"መልካም። አዲሱ ከአሮጌው የት ላይ ነው የሚለየው? ስንደርስ ያሳዩናል?"

ልጅቷ መልሱን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች፤ ቤት ውስጥ እንደ ተረት የሚነገር ነበር። ሌሎች ግንበኞች ጥገና ሲሠሩ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል አንድ መስመር ስስ ጡብ ያስገባሉ፤ የኋላ ሰው እንዳይሳሳት ምልክት ነው። አባቷ ግን "ግንብ ላይ ጠባሳ አልተውም" ብሎ ከአለቃው ጋር ተከራክሮ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በቀለሙና በእርጅናው መርጦ፣ የንሥር ዓይን እንኳ የማይለየው አድርጎ ገጠመው። በዚህ ሲኮራ ነው የኖረው።

"አይለይም" አለ በመጨረሻ።

"እሱስ ልክ ነዎት፤ አይለይም" አለ አስጎብኚው፣ በክብር አጎንብሶ። እንደገና ተሳቀ። ሙያው ራሱ መሰከረበት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ዕረፍት ሲሰጥ ልጅቷ "መጣሁ" ብላ ተነሣች። የምሽጉ አስተዳደር ቢሮ ከላይኛው በር ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስትወጣ የምትለውን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ አጠናችው። ቢሮው ውስጥ አንዲት ጸሐፊ ስልክ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ ትኬት ላይ ማኅተም ትመታለች።

"ቆይ እህቴ" አለች። ልጅቷ ቆየች። ስልኩ ስለ መጋረጃ ጨርቅ ነበር። ሲያልቅ "እሺ" ተባለች።

"ታችኛው ግቢ ያለው ግንብ ሊወድቅ ነው።"

"አልሰማሁሽም፤ ጮክ በይ።"

"ግንቡ ሊወድቅ ነው።"

"ማነው ያለው?"

"አባቴ።"

"መሐንዲስ ናቸው?"

"ግንበኛ ነበር። ሠርቶበታል። ጡረተኛ ነው።"

ጸሐፊዋ ማኅተሙን አስቀመጠች። ክፉ ሰው አትመስልም፤ የደከማት ትመስላለች። "እንግዲህ ማመልከቻ በሦስት ቅጂ፣ እዚህ ለመሥራታቸው ማስረጃ፣ የታደሰ መታወቂያ። የጥገና ኮሚቴው በየሁለት ወሩ ይሰበሰባል። ባለፈው ሳምንት ተሰብስቧል።"

"ክረምቱ ግን በሦስት ሳምንት ይገባል።"

"ክረምቱን የምናስገባው እኛ አይደለንም እህቴ።"

"መሐንዲሱን ማግኘት እችላለሁ?"

"ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። ትላንት ነበሩ።"

"ስልካቸውን ብትሰጪኝ?"

"ስልክ አንሰጥም።"

"አመሰግናለሁ" አለች ልጅቷና ወጣች። ግማሽ ደረጃ ወርዳ ቆመች። ለምኑ ነው ያመሰገንኩት ብላ ራሷን ጠየቀች። ተመልሳ ገብታ ጠረጴዛውን ልትመታ ትችል ነበር፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ደግሞም ይሰማል። እሷ ግን እጇን የደረጃው ብረት ላይ እንዳደረገች፣ ማድረግ የማትችለውን ነገር በልቧ ሦስት ጊዜ አድርጋ ወረደች።

አባቷ ዳቦውን ሳይበላ ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ አገኘችው።

"ምን አሉሽ?"

"ሐሙስ።"

"ውሃ ሐሙስ አያውቅም" አለና ዳቦውን መልሶ ጠቀለለው።

ከሰዓት በኋላ ከግንቡ በፊት አራት ቦታ ቀርቶ ነበር። የንግሥቲቱ መታጠቢያ፣ የእህል ጎተራ፣ የመልእክተኛ ፈረስ የሚግጥበት ሜዳ፣ የደወል ማማ። ማማው ላይ ሰማንያ ሁለት ደረጃ ወጡና ሰማንያ ሁለት ደረጃ ወረዱ። ልጅቷ የአባቷን ክርን ይዛ ስታወርደው ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ታች ቆይ ብትለው እምቢ ብሏል፤ ቡድኑ ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ፈርቶ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ታችኛው ግቢ ደረሱ።

ግንቡ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። ጫፍና ጫፉ ቀጥ ብሎ መሐሉ ላይ ወደ ፊት ተነፍቷል፤ ፎቶው ላይ ትንሽ ይመስል የነበረው ሆድ እዚህ ሲያዩት ነፍሰ ጡር ነው። ከሆዱ ሥር ድንጋዩ ጠቁሮ አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል፤ ከሁለት ድንጋዮች መገናኛ ውሃ ጠብ ይላል። ሌላው ግቢ ሁሉ ከድርቀት ብዛት አቧራ ነው። ከግንቡ አንድ እርምጃ ያህል ርቆ ገመድ ተዘርግቷል፤ ገመዱን የያዙት ከባድ የብረት ማቆሚያዎች ናቸው።

አስጎብኚው ጃንጥላውን ዝቅ አደረገ። ድምፁም አብሮ ወረደ። ጠላት ምሽጉን ሲከብ፣ እህል ሲያልቅ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው እዚህ ግንብ ላይ ተደግፈው ሲያለቅሱ እንደነበር ተናገረ። "እነሱ አለፉ፤ እሷ ግን እንባቸውን ተቀብላ አስቀረች። ሰባት መቶ ዓመት፣ በበጋ በክረምት፣ አንድ ቀን አቋርጣ አታውቅም። ጣታችሁን ሰደድ አድርጋችሁ ንኳት።"

ሰዎቹ በዝምታ ጣታቸውን ዘረጉ። አንዲት ሴት ዓይኗን ጠረገች።

"ሰባት መቶ አይደለም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ነው" አለ የልጅቷ አባት። "እንባም አይደለም። ጆንያ ነው።"

አስጎብኚው ተጠግቶ ዝግ ባለ ድምፅ "አባባ፣ ይተዉኝ እንጂ። ሰው ከሩቅ የሚመጣው ለዚህ ነው" አለው።

"እኔም ከሩቅ የመጣሁት ለዚሁ ነው። ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ጀርባ የተወተፈ ቀዳዳ አለ። ይከፈት። ውሃው ይውጣ። ይደርቃል፤ ይድናል።"

"ይደርቃል?" አለ አስጎብኚው። እስካሁን ከሰማው ሁሉ ያስደነገጠው ይህ ነበር። ግንቡን አየ፤ ሰዎቹን አየ። "አባባ፣ ሰባት መቶ ዓመት ያልወደቀ ግንብ ዛሬ ይወድቃል?"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አባቷ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በገመዱ ሥር አለፈ፤ መዳፉን ግንቡ ሆድ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። ጥበቃው ፊሽካውን እየነፋ ደረሰ።

"አባት፣ ግንብ አይነካም።"

"ሰው ሁሉ እየነካው አይደል?"

"ጣት ይቻላል። እጅ አይቻልም።"

ክርኑን ይዞ፣ ሳያመናጭቅ፣ አወጣው። አባቷ መዳፉን እያየ "እስከ ደረቴ ሞልቷል" አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። "ንገሪያቸው እንጂ። እኔን ማን ይሰማኛል? አንቺ የተማርሽ ነሽ።"

የአሥራ አንድ ሰው ዓይን አረፈባት። ምን ልበል? ስለ ግንብ ምን አውቃለሁ? ዓይኗን ከሰዎቹ ላይ ለማንሣት ስትል ብቻ መሬት መሬት አየች፤ በሥራዋ እንደለመደችውም ትንንሹን ነገር መመልከት ጀመረች። በአረንጓዴው ሽበት ላይ ነጭ ፍርፋሪ ተበትኗል። ኖራ ነው። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ አንድም ጠብታ ያልነካው። ወዲያው ከሆዱ ላይ ሌላ ብናኝ ቁልቁል ወረደ።

መምህሩ ስልካቸውን አውጥተው ሚስታቸውን ፎቶ ሊያነሡ ነው። "ወደ ኋላ በይ። ትንሽ፤ ወደ ግንቡ ተጠጊ" ይላሉ። ሚስታቸው ጠዋት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዞር ብለው ያዩት ሴትዮ ናቸው።

"እትዬ፣ ከዚያ ይውጡ" አለች ልጅቷ። ማንም አልሰማትም። "እትዬ፣ ከዚያ ይውጡ።"

"ምን አልሽ ልጄ?"

"ይውጡ ብያለሁ።" ድምፁ የማን እንደሆነ እሷም አላወቀችውም። "ያ ነጭ ነገር ኖራ ነው። ሥሩ እርጥብ ነው፤ እሱ ግን ገና አልራሰም። አሁን ነው የወደቀው። አሁንም እየወደቀ ነው።"

ሴትዮዋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። መምህሩ ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉና ፍርፋሪውን በጣታቸው ፈጭተው አዩ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞሩ።

"ግንብ ሲወድቅ እስከ የት ይደርሳል?"

"ቁመቱን ያህል ይተኛል" አለ አባቷ። "ከዚያ ድንጋዩ ይንከባለላል።"

ሰው ሁሉ የግንቡን ቁመት አየ፤ ከዚያ ገመዱን አየ። ቡድኑ ማንም ሳያዘው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ገመዱን ወደዚህ አርቀው" አለችው ልጅቷ ጥበቃውን።

"ከቢሮ ትእዛዝ ካልመጣ ገመድ አላነቃንቅም።" ሬድዮኑን አወጣና ተናገረ፤ እዚህ አንዲት ልጅ ግንቡ ይወድቃል ትላለች አለ። ከሬድዮኑ ውስጥ የጸሐፊዋ ድምፅ እየተቆራረጠ ሲመልስ ሁሉም ሰማ፤ "ማመልከቻ አስገብታለች?"

ልጅቷ የመጀመሪያውን የብረት ማቆሚያ በሁለት እጇ ያዘች። ከበዳት። ጎተተችው፤ እግሩ ድንጋዩን እየፋቀ ግቢውን ሙሉ አንጫረረው።

"እህት፣ እሱ የመንግሥት ንብረት ነው" አለ ጥበቃው። ፊሽካው አፉ ውስጥ ነበር፤ ግን አልነፋውም። እሱም ኖራውን አይቷል።

"በቃ?" አለች አባቷን፣ ሦስት እርምጃ እንደጎተተች።

"ምኑ ይበቃል? ጨምሪ።"

ጨመረች። ሁለተኛውን ያዘች። መምህሩ ኮፍያቸውን ለሚስታቸው ሰጥተው ሦስተኛውን ማንገጫገጭ ጀመሩ። አባቷ ዓይኑን አጥብቦ፣ ከግንቡ ጫፍ እስከ መሬቱ በአየር ላይ መስመር እየሳለ፣ ጨምሪ ይላል። ላቧ በጀርባዋ ወረደ። ቀኑን ሙሉ በደረጃ ወጥተው ወርደው ያገኙት ይኸው ነው፤ ጥቂት እርምጃ መሬት። ቀዳዳው እንደተዘጋ ነው። ውሃው እንደሞላ ነው።

በደረጃው በኩል ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሌላ ጃንጥላ ብቅ አለ፤ ከኋላው ሌላ ቡድን። ባለ ቢጫ ጃንጥላው ለባልደረባው ምን እንደሚለው ጨንቆት ቆሞ ነበር። መጨረሻ ላይ እጁን ወደ አዲሱ መስመር ዘረጋ።

"ዛሬ ከዚህ ነው የምትታየው" አለው። ትንሽ አሰበና "ከሩቅ ስትታይ የበለጠ ታለቅሳለች በላቸው" ሲል ጨመረ።

አባቷ ይህን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ለመናደድ እንኳ አቅም አልቀረውም።

ጥበቃው ወደ ልጅቷ ጠጋ አለ። "እኔ ዛሬ ዝም ብያለሁ። ነገ ጠዋት ግን አለቃዬ ሲያየው ወደ ቦታው መልስ ይለኛል። እመልሳለሁ። እንዳታዝኚብኝ።"

"ስንት ሰዓት ነው የሚያየው?"

"ሁለት ሰዓት ተኩል ይገባል።"

"ከዚያ በፊት እመጣለሁ።"

"ነገ ሥራ የለሽም እንዴ?" አለ አባቷ።

"አለኝ" አለችና ወደ አራተኛው ብረት ሄደች።